ለልጄ፦ ስለ ቡታጋዝ ሲሊንደርሽ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ እናትሽም ሰላም ብላሻለች። የገዛሽው ሲሊንደር ሊያልቅ ሲል እንዴት እንደሚታወቅ ጠይቀሻል። ምክንያቱን ካወቅሽ የጥንቃቄውን ነገር ራስሽ ትደርሺበታለሽና ከሥሩ ልጀምር።

ሲሊንደርሽ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ፈሳሽ ነው፤ ነቅነቅ ብታደርጊው ሲንቦጫረቅ ይሰማሻል። የፕሮፔንና የቡቴን ድብልቅ ነው። ፕሮፔን የሚፈላው ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ፣ ቡቴን ደግሞ ዜሮ አካባቢ ስለሆነ፣ ክፍት ዕቃ ውስጥ ቢሆኑ ተንነው ያልቁ ነበር። ፈሳሽ አድርጎ የያዛቸው ግፊት ነው። ግፊትና መፍላት ያላቸውን ዝምድና ድስትሽ ላይም ታይዋለሽ፦ አዲስ አበባ ደጋ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፣ ውሃም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሽምብራው አልበስል የሚለው ለዚህ ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል፤ ግፊቱ ከፍ ስላለ መፍላቱ ይታገዳል። ቫልቩን ስትከፍቺ ግፊቱ ትንሽ ይወርዳል፣ ፈሳሹ ይፈላል፣ የተነነው ወደ ምድጃው ይሄዳል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። የግፊት መለኪያ አትግዢ፣ ገንዘብ ማባከን ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን በዋናነት የሚወስነው ሙቀቱ እንጂ የቀረው መጠን አይደለም፤ መርፌው ወርዶ ስታዪው ፈሳሹ አልቋል ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ሚዛን ነው። የባዶው ክብደት ብረቱ ላይ ተቀርጿል። ሲመዘን 21 ኪሎ ሆኖ የተቀረጸው 14 ከሆነ 7 ኪሎ ቀርቶሻል። አንድ መካከለኛ ምድጃ እስከ መጨረሻው ሲከፈት በሰዓት 150 ግራም ገደማ ስለሚበላ፣ ይህ ወደ 46 ሰዓት ያስኬድሻል። ሚዛን ካጣሽ ለብ ያለ ውሃ በጎኑ አፍስሺና በመዳፍሽ ከላይ ወደ ታች ዳብሺው። ድንገት የሚቀዘቅዝበት ቦታ የፈሳሹ ከፍታ ነው፤ ፈሳሽ ከጋዝ ይልቅ ብዙ ሙቀት ይስባልና።

ትልቅ እሳት ለረጅም ጊዜ ስታነጂ ሲሊንደሩ ሊያልበው፣ እሳቱም ሊደክም ይችላል። ብልሽት አይደለም። ፈሳሹ ለመትነን ሙቀት ይፈልጋል፣ ያንንም ከራሱና ከብረቱ ይወስዳል፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል። እሳቱን ቀንሺለት፣ ይመለሳል። እሳት አጠገብ አስጠግተሽ እንዳታሞቂው፣ «ትንሽ ቀርቶበታል» ብለሽም እንዳታጋድሚው! ከተጋደመ በሬጉሌተሩ (ቫልቩ ላይ በሚገጠመው ግፊት መቀነሻ) የሚወጣው ፈሳሹ ራሱ ነው፤ 1 ሊትር ፈሳሽ ወደ 250 ሊትር ጋዝ ስለሚሆን ነበልባሉ ከምድጃው አልፎ ይንቦገቦጋል።

ሲያስሞሉም «ጨመር አድርግልኝ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ከላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቦታ ባዶ የሚተወው ለስስት አይደለም። ፈሳሹ ሲሞቅ ያብጣል፣ ጋዝ ግን ሲጫኑት ይጠቀጠቃል፤ ያ ባዶ ቦታ ማበጫው ነው። አፉ ድረስ ከሞላ ፈሳሹ ስለማይጠቀጠቅ የሚገፋው ብረቱን ነው። ፀሐይ ላይ አታስቀምጪው የሚባለውም ለዚሁ ነው።

የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ፦ ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ወለል ላይ ተንጣሎ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል። በራሱ ሽታ የለውም፤ የሚሸትሽ ሆን ተብሎ የተጨመረበት ነገር ነው። ከአየሩ 2 በመቶ ያህል ከሆነ ይቀጣጠላል። 3 ሜትር በ3 ሜትር ለሆነች ኩሽናሽ አንድ ኪሎ ብቻ ይበቃል ማለት ነው፤ ወለሉ አጠገብ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ስለዚህ ከፍ ያለችው መስኮት አትጠቅምሽም። ቫልቩን ዝጊ፣ በሩን ክፈቺ፣ መብራት አታብሪም አታጥፊም፣ ከዚያም ከቤት ወጥተሽ ሂጂ።

ሬጉሌተሩን በገጠምሽ ቁጥር መጋጠሚያውንና ቱቦውን የሳሙና አረፋ ቀቢው፤ አረፋው እያበጠ ከመጣ ያፈሳል። በክብሪት የሚሞክሩትን እንዳትሰሚ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጎሚኒው (መጋጠሚያው ላይ ያለው የላስቲክ ቀለበት) ነው፤ ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ ቀይሪው፣ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም።

አባትሽ