ከልጆቹ ጋር መተንፈስ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እማዬና አባዬስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

በስልክ የነገርኩሽ የትምህርት ቤቱ የኳየር ኮንሰርት ቅዳሜ ተካሄደ። በኦርጋን ያጀብኳቸው እኔ ነኝ። ደስታዬ እስካሁን አልበረደም። ላንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ኪቦርድ ስለምትጫወቺ ቶሎ ይገባሻል። ይሄኛው ግን ባለ ቱቦ ነው። ቁልፉን በኃይል ብትመቺውም በስሱ ብትነኪውም ድምፁ ያው ነው። እስካለቀቅሽው ድረስ ደግሞ አያቆምም። ቱቦው ትንፋሽ አያጥረውም፣ ልጆቹን ግን ያጥራቸዋል። ስለዚህ ግጥሙን በከንፈሬ አብሬያቸው እላለሁ። እነሱ በሚተነፍሱበት ቦታ እኔም እጄን አነሳለሁ። ያቺ ቅጽበት ካልተሰጠቻቸው ቀጣዩን ሀረግ ደክመው ነው የሚጀምሩት።

ጀርባዬን ለኳየሩ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። የመሪዋን እጅ የማየው ከኖታው በላይ ባለች ትንሽ መስታወት ነው። ቱቦዎቹ ከልጆቹ ራቅ ስለሚሉ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። ጆሮዬን ካመንኩ ወደኋላ መጎተቴ ነው፤ እጇን ብቻ ነው የማምነው።

ከሁሉ የወደድኩት የፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የጋብሪኤል ፎሬን «ካንቲክ ደ ዣን ራሲን» የተባለ የኳየር መዝሙር ነው። ሲጽፈው ገና የ19 ዓመት ተማሪ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1865 በትምህርት ቤቱ አንደኛ ተሸልሞበታል። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ እንዴት ነቃ እንዳሉ ብታዪ! መጀመሪያ ኦርጋኑ ብቻውን ይፈሳል፣ ከዚያ ቤዞቹ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ የሚዘምሩት፣ ይገባሉ። ድምፃቸው ገና የጎረነነ ጎረምሶች ናቸው። እኔ መግቢያውን ካንቀረፈፍኩት ረጃጅሞቹ ሀረጎች ላይ አየር ያልቅባቸዋል። ለዚህ ክፍል ከኦርጋኑ ድምፆች መካከል ለስላሳውን፣ ዋሽንት የሚመስለውን የፍሉት ድምፅ ብቻ ከፈትኩ። በእግር የሚጫወቱትን ወፍራም ድምፅ የጨመርኩት አራቱም የኳየሩ ድምፆች ተሟልተው ከገቡ በኋላ ነው። አንዱ ልጅ ከመግባቱ በፊት ትከሻው ከፍ ሲል በመስታወቱ አየሁት። እኔም አብሬው አየር ሳብኩ። እንዴት አምሮ ገባ መሰለሽ!

አንቺም ልጆች ስታጅቢ መጀመሪያ ዜማውን ራስሽ ዘምሪው። የት እንደሚተነፈስ ኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊበት። ጣትሽን ከዚያ በኋላ ትለማመጂያለሽ።

ቅጂውን በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ለእማዬ ድምፁን ከፍ አድርገሽ አሰሚያት። አባዬን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ ወንድምሽ