«መቼ ነው የምትመለሰው?»

ውድ ጓደኛዬ፣

ቁጥርሽ ስልኬ ውስጥ እያለ 3 ዓመት ሙሉ ዝም አልኩሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። ይህን ስታነቢ «አንድ ነገር ፈልጋ ነው» እንደምትዪ አውቃለሁ። አዎ፣ ፈልጌ ነው። ከአንቺ ሌላ ልጠይቀው የምችለው ሰው የለም።

የማስተምርበት ክፍል ውስጥ አዲስ ልጅ ገብታለች። 8 ዓመቷ ነው። ከቤተሰቧ ጋር ከሌላ አገር ከመጡ ገና 3 ወራቸው ነው። እስካሁን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ልጆቹ «ዲዳ ናት» ብለው ደምድመዋል። አይደለችም። አዲስ ቋንቋ መሃል የገባ ልጅ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ብሎ ማዳመጡ የተለመደ ነው። አፉ ዝም ቢልም ጆሮው ሥራ ላይ ነው። ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። አልነገርኳቸውም።

ይባስ ብዬ ማክሰኞ ዕለት የዓለም ካርታ ሰቀልኩና «ነይ፣ አገርሽን አሳዪን» አልኳት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ወጣች። ጣቷን ካርታው ላይ አስቀመጠችና አላነሳ አለች። ከኋላ አንዱ ልጅ «መቼ ነው የምትመለሰው?» አለ። ክፋት አስቦ አይደለም። የመጣ እንግዳ ይሄዳል ብሎ ነው። እኔ ግን ደነገጥኩ። «በሉ፣ ሒሳብ እንሥራ» ብዬ አለፍኩት። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው። ሒሳቡን ደግሞ ከሁሉም ቀድማ የጨረሰችው እሷ ናት።

ማታ አንቺ ትዝ አልሽኝ። በ9 ዓመትሽ፣ በሰው አገር፣ ሐኪም ቤት ለእናትሽ ስታስተረጉሚ፣ አንዱን ቃል ሆን ብለሽ የዘለልሽው። ስትነግሪኝ «ጎበዝ ነበርሽ» ብቻ ብዬሽ ወሬ ቀየርኩ። የዘለልሽው ቃል ምን እንደነበር እንኳ አልጠየቅኩሽም። አሁንም ልጠይቅሽ እፈራለሁ።

ሰኞ እንደገና ልሞክር ነው። «ሁላችንም አንድ ነን» ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት። ልጆች ልዩነት ያያሉ፤ የለም ስንላቸው ማየታቸውን አይተዉም፣ መጠየቃቸውን ነው የሚተዉት። እሷንም ማስወጣት ቀርቷል። ከራሴ ቤተሰብ እጀምራለሁ፤ ማን ከየት ወዴት ሄደ፣ ለምን ሄደ። ለሥራ የሄደ አለ፣ ለትምህርት የሄደ አለ፣ ጦርነት ሸሽቶ የወጣ አለ። ከዚያ መናገር የፈለገ ይናገራል። ያልፈለገ አይገደድም፤ የአንዳንዱ ልጅ የቤት ታሪክ ክፍል ውስጥ የሚወራ አይደለም።

ቁጥርም አዘጋጅቻለሁ። በተባበሩት መንግሥታት ግምት እ.ኤ.አ. በ2024 ከተወለዱበት አገር ውጭ የሚኖሩ ሰዎች ወደ 304 ሚሊዮን ነበሩ። ለ8 ዓመት ልጅ ይህ ምኑም አይደለም። ስለዚህ «100 ሰው ቢሰለፍ፣ ከተወለደበት አገር ውጭ የሚኖረው 4 አይሞላም» እላቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ቤታቸው የሰሙት «ዓለም ሁሉ ወደኛ እየጎረፈ ነው» የሚል ነው። እንዲቆጥሩት እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አናደደኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የልጅቷን ወላጆች «ቤት ውስጥ በቋንቋችሁ አታናግሯት» ብሏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 30 ላይ ከአናሳ ማኅበረሰብ የሆነ ልጅ በቋንቋው መጠቀሙን እንዳይከለከል በግልጽ ተጽፏል። ሕጉም ባይኖር፣ በናቷ ቋንቋ ያላወራች ልጅ ስታዝን ለማን ትናገራለች? እናትየዋን ጠርቼ «በርቺ፣ አውሪያት» አልኳት። በአስተርጓሚ ነው፣ በልጅቷ አይደለም። ይህን ከአንቺ ነው የተማርኩት።

የልጁ ጥያቄ ግን እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። «አትመለስም» ብል ለሷ ዕዳ ነው፤ ምናልባት በየማታው የምታስበው መመለስን ይሆናል። «ትመለሳለች» ብል ደግሞ ልጆቹ እንደ መንገደኛ ያዩዋታል፣ ጓደኛ የሚሆናትም አይኖርም። በዚያ ዕድሜሽ አንቺን እንዲህ ብለው ሲጠይቁ አስተማሪሽ ምን ቢሉልሽ ትወጂ ነበር? እንደ ልማድሽ በሁለት መስመር አትሸኚኝ፣ ረዘም አድርገሽ ጻፊ። ማንሳቱ የሚከብድሽ ከሆነ ግን ተይው፣ አልቀየምሽም።

ዛሬ ልጆቹ ሲወጡ እሷ ወደ ኋላ ቀረች። ሄዳ ያችኑ ቦታ በጣቷ ነካቻት። እኔ ደብተር የምሰበስብ መስዬ ዞርኩላት። ካርታው አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ላውርደው ወይስ ይቆይ?

የአንቺው