ቡሄ ካለፈም ክረምት አለ

እህት ዓለም እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? ስንት ዘመን ተጠፋፋን፣ አንቺም አልደወልሽ እኔም አልደወልኩ፣ ብቻ አንድም ቀን ከልቤ ጠፍተሽ አታውቂም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ እማዬም ኪዳን ሳትደርስ አትውልም፣ ሁሌ ስምሽን ታነሳለች።

ዛሬ የምጽፍልሽም በሷ ምክንያት ነው። ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ሲባል ሰምተን አይደል ያደግነው? አሁን ቡሄ ያልፋል፣ መስቀል ያልፋል፣ ዝናቡ ግን እንደፈለገው ነው። ሲፈለግ ይቀራል፣ በቃ ሲባል ይመጣል። ህዳር ላይ አጎቴ ጤፉን አጭዶ ገና ሳይከምረው ዘነበበት፣ ከቀናት በኋላ ነዶውን ሲገለብጠው ፍሬው እዛው ዛላው ላይ ጎንቁሎ፣ ነጭ ክር የመሰለ ስር አውጥቶ አገኘው። እማዬ አየችና ምን አለች መሰለሽ፣ "የኛ ኃጢአት ነው"። ከዛን ቀን ጀምሮ ስግደት ጨምራለች፣ በዛ ጉልበቷ!

ይሄ ነገር አንጀቴን በላኝ። ምህላው ይቀጥል፣ እኔም እቆማለሁ። ግን አየሩ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል፣ ለዛ ነው ሲጥል እንዲህ በአንዴ የሚያወርደው፣ ያሞቀው ደግሞ በአብዛኛው የሀብታም አገር የፋብሪካና የመኪና ጭስ ነው እንጂ የሷ ምጣድ አይደለም። ሌላው በበደለ እሷ ንስሐ ስትገባ ማየት ከበደኝ።

የኛ እጅ የለበትም አልልም። ከከተማ ወጣ ስትዪ ነባር ዛፍ የምታይው አብዛኛው ቤተክርስቲያን ዙሪያ ነው፣ ጥዱና ወይራው የተረፈው የታቦቱን ዛፍ መቁረጥ ስለሚፈራ ነው እንጂ እኛ አዝነንለት አይደለም። እሱም ቢሆን ከብት እየገባ ችግኙን ይረግጠዋል፣ ዳር ዳሩን ፀሐይ ያደርቀዋል። ትልልቆቹ ሲወድቁ ማን ይተካቸዋል?

ደሞ ቀሃ፣ የጎንደሩ ወንዛችን። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ በቦይ እየመጣ አይደል፣ በበጋ ብታይው ታለቅሺያለሽ፣ ቀጥኖ፣ ቆሻሻ ሞልቶበት። ጥምቀትን ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲመዘግበው እልል ብለናል፣ ወንዙንስ ማን መዘገበው? ታቦት ወርዶ የሚያድርበት፣ ካህናቱ የሚባርኩት ውሃ ከሌለ በቦቴ እየተቀዳ ልንጠመቅ ነው? እኔ በበኩሌ የከተማው ሰው ከዋዜማው ጽዳት አልፎ ዓመቱን ሙሉ ቀሃን መጠበቅ አለበት እላለሁ፣ ሰፈር ውስጥም ይሄን እየተናገርኩ ነው፣ አንዳንዱ ይሰማኛል።

ለዘንድሮ ጥምቀት ነይ በናትሽ፣ ልጆቹም ይዩት፣ ይጠመቁበት። ማረፊያ እንዳትፈልጊ፣ እኛ ጋ ነሽ። እማዬ ጠላውን መቼ ልጥመቅ እያለችኝ ነውና ቁርጡን ቶሎ ንገሪኝ።