ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ፦ የአጎቴ እግር «ፈንገስ» አልነበረም

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አጎቴ እግር ነው።

አጎቴ ቀወት ቆላ ላይ ማሾና ማሽላ የሚዘራ ገበሬ ነው። ከዓመታት በፊት የግራር እሾህ ወጋው። ነቅሎ ጣለውና ረሳው። ቆይቶ እግሩ ያብጥ ጀመር። ስላላመመው አልተጨነቀም። ሰፈሩም «ዝሆኔ ነው» አለ። እብጠቱ ፈንድቶ መግል፣ ከመግሉ ጋር ደግሞ አሸዋ የሚመስል ፍሬ ሲወጣው ነው ወደ ሐኪም የሄደው።

«ፈንገስ ነው» ተባለ። ፍሬዋን አንስቶ ያያት የለም። መጀመሪያ ቅባት ሰጡት። ቅባት ለጭርትና ለቋቁቻ ነው፤ ሥጋ ውስጥ ለገባ ነገር ምን ይሠራል? ቀጥሎ ኢትራኮናዞል የሚባል የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ታዘዘለት። ከግል ፋርማሲ እየገዛ ዓመት ሙሉ ዋጠ። አንድ በሬ በዚያ ሄደ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ባክቴሪያ ሆኖ አረፈው።

በሽታው ማይሴቶማ ይባላል። አንዱን ዓይነት ፈንገስ፣ ሌላውን ባክቴሪያ ያመጣዋል። ከላይ ሲያዩዋቸው መንታ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው። የፈንገሱ ኢትራኮናዞልን ለረጅም ወራት ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምናም ይጨመርበታል። የባክቴሪያው በኮትሪሞክሳዞልና በአሚካሲን መርፌ ይታከማል። ኮትሪሞክሳዞል እኮ! በሬ የማያሸጥ ክኒን።

የምትለያቸው ያቺ ፍሬ ናት። ጥቁር ከሆነች በአብዛኛው ፈንገስ ነው፤ ቀይ ከሆነች ባክቴሪያ። ነጣ ስትል ግን ዓይን ያታልላል፣ ማይክሮስኮፕ ግድ ነው። የአጎቴ ነጣ ያለች ነበረች።

የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ትኩረት ከሚሹ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በ2008 ዓ.ም. ነው። እኛ ዘንድ ግን ስሙን የሚያውቅ ብርቅ ነው።

አዲስ ማሽን ግዙ አልልም። አክታን ለቲቢ የሚመረምር የላብራቶሪ ባለሙያ ማይክሮስኮፑ በእጁ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ያሉትን ባለሙያዎች ፍሬዋን ጨፍልቆ ማየት አሠልጥኑልን። ካልለየላቸው ናሙናው ይጓዝ፣ ሰውየው አይንከራተት። ውጤት ሳይመጣም የዓመት መድኃኒት አይታዘዝ። የእውነት ፈንገስ ለሆነበት ሰው ደግሞ ኢትራኮናዞሉን በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚያገኝበትን መንገድ ፈልጉለት።

አጎቴ አሁን ትክክለኛውን መድኃኒት ጀምሯል፤ መግሉም እየደረቀ ነው። የጎረቤታችን ልጅ እግር ላይ ግን ያንኑ የመሰለ እብጠት አይተናል። በሚቀጥለው ሳምንት ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን። ፍሬዋን የሚያይልን ሰው እናገኝ ይሆን?