ማይክሮፎኑን ከመሳቢያው አውጪው

ለምወድሽ ልጄ፣

አንቺ ብትደብቂኝም እህትሽ ነግራኛለች። ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በር ዘግተሽ በስልክ «ደከመኝ፤ ይህ ልጅ ወደፊት ምን ሊሆን ነው?» እያልሽ ስታለቅሺ ድምፅሽን ወደ ልጅሽ ወደ ማሙሽ የጆሮ መስሚያዎች የሚያደርሰው ማይክሮፎን ደረትሽ ላይ እንደተሰካ ነበር አሉ። ማሙሽ ሳሎን ምንጣፉ ላይ መኪናውን እየነዳ ቃልሽን አንድም ሳይቀር ሰማው። መጥቶም «እማዬ፣ እኔ ነኝ ያደከምኩሽ?» አለሽ። አንቺም የዚያኑ ዕለት ማይክሮፎኑን ነቅለሽ መሳቢያ ውስጥ ወረወርሽው፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

አውጪው። ከልጁ ስትለዪ ደግሞ ድምፁን ዝጊው። ሁለቱን አንድ ላይ ነው የምልሽ፤ አንዱን ይዘሽ ሌላውን እንዳትተዪው።

እናቴ፣ መድከምሽን አላጣሁትም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስድስት ወር አብሬሽ ስኖር ሌሊት ተነስተሽ መስሚያዎቹን ስታደራርቂ፣ ከሥራ መልስ ያለ ዕረፍት ስታነቢለት በዓይኔ አይቻለሁ። ያንን ዕቃ ግን እኔም በመጣሁ ሰሞን እንደ መጫወቻ ነበር የቆጠርኩት። የገባኝ የጆሮ ባለሙያዋ ዘንድ አብሬሽ የሄድኩ ቀን ነው። ጆሮው ላይ ያለው መስሚያ የሚበጀው አጠገቡ ላለ ሰው ነው፤ አንድ ሜትር፣ ቢበዛ ሁለት። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅሽ በድምፅ መለኪያው በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ የውኃው መንሿሿትና የቴሌቪዥኑ ጩኸት ግን አይቀንሱለትም። ማይክሮፎኑ ድምፅሽን ከአፍሽ አንድ ስንዝር ላይ ተቀብሎ በሬዲዮ ሞገድ በቀጥታ መስሚያው ውስጥ ያደርሰዋል። ወጥ ቤት ሆነሽ ጎኑ የተቀመጥሽ ያህል ነው።

ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው ነኝ። እስቲ ከመታጠቢያ ቤት ሆነሽ «ሠራ፣ ሸራ፣ ፈራ» በዪና ባልሽ ከሳሎን ይለያቸው እንደሆነ ጠይቂው። እነዚህ ቀጫጭን ድምፆች ናቸው፤ ርቀት አስቀድሞ የሚበላው እነሱን ነው። አንድ ቀን ጀርባዬን ሰጥቼው ሽንኩርት እየከተፍኩ «ሸማዬን አቀብለኝ» ብለው፣ ዝም ብሎ ቆሞ ቆየና «ማን ሰማ?» አለኝ። ማይክሮፎኑን አንገቴ ላይ ሰክቼ ደግሜ ስለው ሮጦ ይዞልኝ መጣ። ያን ቀን መኪና ማቆሚያው ውስጥ «ቁም!» ስትዪው ባለበት ቀጥ ያለውስ በምን ሆነና ነው? ረሳሽው?

አንቺን የሚያስጨንቅሽ የሰማው ነገር ነው። እኔን ያስለቀሰኝ ግን የወንድሜ፣ የአጎትሽ ነገር ነው።

በ1981 ዓ.ም. የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ሲገባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ነፍሱ ተረፈች፣ ጆሮው ቀረ። ይህን ታውቂያለሽ። የማታውቂው ማዕድ ላይ የነበረውን ነው። ስንስቅ አይቶን ይስቃል። ከዚያ ክንዴን ነካ ያደርግና «ምን አሉ?» ይለኛል። «ምንም አይደለም፤ በኋላ እነግርሃለሁ» እለዋለሁ። ያ በኋላ ግን መጥቶ አያውቅም። የሚታጠብ ዕቃ አለ፣ የሚታረም ደብተር አለ፣ አንቺም ታለቅሻለሽ። በ1985 ዓ.ም. አያትሽ አባባ ሲታመም በየጓዳው እየተንሾካሾክን ከረምን። አንቺ እንኳን ገና አፍሽን ሳትፈቺ ፊታችንን እያየሽ ትነጫነጪ ነበር። ሌላ ልጅ ቢሆን ከሹክሹክታው አንድ ነገር ይለቅማል፤ ልጅ የቤቱን ነገር የሚያውቀው እኮ እንዲህ በጆሮው ጠርዝ እየገባለት ነው። አጎትሽ ምንም አልገባለትም። አባባ ያረፈ ሌሊት ጎረቤት አሳደርነው። ጠዋት ሲመለስ ግቢው ውስጥ ድንኳን ሲተከል አየ። ካስማ የሚመታውን ሰውዬ እጁን ያዘና «ማነው?» አለው። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ሄጄ አልነገርኩትም፤ ሌላ ሰው ነገረው። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ቢያነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

ለእሱ መሣሪያ አልነበረም። ለልጅሽ ግን አለ፤ አንቺ መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽበታል። ይህን ስጽፍ ተቆጥቻለሁ፤ ተቆጥቼም እወድሻለሁ።

ዛሬ ማታ ማሙሽን እቅፍ አድርጊውና እናትም እንደሚደክማት፣ ያደከመሽ ግን እሱ እንዳልሆነ ንገሪው። ፊትሽን እያየ ይስማሽ።

ከዚያ ማይክሮፎኑን በየማታው ከመስሚያዎቹ ጋር ቻርጅ ላይ አድርጊው። ስትሰኪው የአንገት መስቀልሽን ወደ ኋላ አዙሪው፤ መስቀሉ ሲነካው እሱ ጆሮ ውስጥ ካካታ ነው። ነጠላም ሲያብሰው እንዲሁ። ቡና ስትወቅጪ ከሙቀጫው አርቂው። ፎቅ ላይ ሆነሽ አትጥሪው፤ ድምፅሽ ጆሮው ላይ ስለሚመጣ የት እንዳለሽ አያውቅም፤ መጋረጃ እየገለጠ ሲፈልግሽ አይቼዋለሁ። ራት ላይ የሚናገረው ሰው ይያዘው፤ የማሙሽ አባትም «እኔ ድምፄ ትልቅ ነው» ማለቱን ይተውና ይሰካው። መጮህ ድምፁን ያበላሸዋል እንጂ አያቀርበውም። አማርኛውንም አትተዪበት። እንግሊዝኛው ይበቃዋል የሚሉሽን አትስሚ፤ ሁለቱንም ይችላል፤ እኔ አስተምሬው አይቻለሁ።

ስልክ ስታነሺ ድምፁን ዝጊው። ከባልሽ ጋር ስትነጋገሪ ዝጊው። መታጠቢያ ቤት ስትገቢም ዝጊው። ስትመለሺ መክፈትሽንም አትርሺ፤ ተዘግቶ ደረትሽ ላይ ቢንጠለጠል መሳቢያ ውስጥ ካለው በምን ይሻላል?

በርበሬውንና ሽሮውን ለጎረቤታችን ልጅ ሰጥቻታለሁ፤ ማክሰኞ ትበራለች። ሽሮው ጨው የለውም።

እሁድ ስደውል ማይክሮፎኑን ከስልኩ ድምፅ ማውጫ ሥር አኑሪውና ማሙሽን ብቻውን አስቀምጪልኝ፤ ተረት አለኝ። አጎትሽም ይመጣል። የእጅ ምልክቱን ብዙም ስላልተማርኩ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ማሙሽ ያለውን ሁሉ እዚያው እያለሁ እጽፍለታለሁ።

እናትሽ