እማዬ፣ አብሽሪ

እማዬ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ደብዳቤውን ሚጣ ታንብብልሽ። ስልክ ላይ አላስጨርስ ስላልሽኝ ነው መጻፌ።

ሐኪሙ «ልብሽ ጤነኛ ነው» ቢልሽ «ታዲያ ውሸቴን ነው?» ብለሽ ተቆጣሽ አሉ። ኧረ ውሸትሽን አይደለም። የሐረጎ ተራራ መንገድ ላይ ልብሽ ደልቋል፣ ትንፋሽ አጥሮሻል፣ ጣቶችሽ ደንዝዘዋል። ሹፌሩን ኩርባው ላይ አስቁመሽ፣ ሻሽሽን ፈተሽ መንገድ ዳር ቁጭ ያልሽው ወደሽ አይደለም። ሰውነታችን አደጋ መጣ ሲል አድሬናሊን የሚባል ነገር ይረጫል፤ ልብ የሚያስሮጠው እሱ ነው። የግቢ ውሻ እኮ ነፋስ በሩን ሲገፋውም ይጮሃል። ጩኸቱ እውነት ነው፣ ሌባ ግን የለም። ሐኪሞች ፓኒክ ይሉታል። አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ ሳይሞላው ጣራ ነክቶ መውረድ ይጀምራል።

«ራሴን ስቼ ልወድቅ ነው» ትያለሽ። ፓኒክ ሲነሳ የደም ግፊት ብዙ ጊዜ ከፍ ስለሚል መውደቅ ብርቅ ነው። መርፌ ሲያይ ዘጭ የሚለው ወንድሜ ግን ሌላ ነው። የሱ የደምና የመርፌ ፎቢያ፣ ከልክ ያለፈ ፍርሃት ነው፤ ግፊቱ ድንገት ይወርዳል። ከመወጋቱ በፊት የእጅና የእግሩን ጡንቻ ጥርቅም አድርጎ ቢይዝ ይረዳዋል። አንቺ ንገሪው፣ እኔንማ አይሰማኝም።

ሐረጎስ አለፈ። እኔን ያሳሰበኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። መጀመሪያ ኮምቦልቻ መሄድ ቀረ፣ ቀጥሎ ሰኞ ገበያ። አሁን ለቅሶ ቤት እንኳ ድንኳኑ አፍ ላይ ተቀምጠሽ ቡናው ሳይደርስ ትነሻለሽ አሉ። የሰፈሩን ሐዘንተኛ ሁሉ ስታጽናኚ የኖርሽው አንቺ! ይሄኛው አጎራፎቢያ ይባላል። ከ150 ዓመት በፊት በርሊን ውስጥ ዌስትፋል የሚባል ሐኪም ባዶ አደባባይ ማቋረጥ ያቃታቸውን ጎልማሳ ወንዶች አይቶ ነው ስም ያወጣለት። ስለዚህ «የሴት ፈሪ» የሚልሽን አትስሚ።

ቤት በቀረሽ ቁጥር እፎይ ትያለሽ አይደል? ፍርሃቱን የሚቀልበው ያ እፎይታ ነው። ሕክምናውም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ ከምትሸሺው ቦታ ቀስ በቀስ መላመድ። ለአረፋ ስመጣ ሰኞ ገበያ አብረን እንሄዳለን። መጀመሪያ ሰው ሳይበዛ በጠዋት፣ ዳር ዳሩን። ሲለምድሽ ወደ መሐል። ኮምቦልቻ መጨረሻ ላይ ነው። ፍርሃቱ ሲመጣ ሮጠን አንወጣም፤ እስኪበርድ እዚያው እንቆያለን። ኋላ ላይ ደግሞ ያለ እኔ ትሄጃለሽ።

ዱአሽ አይቅር፣ ተሰብስባችሁ የምትጸልዩበት ወዳጃውም አይቅር። ጫቱ ግን ይቅር፣ ቡናውንም ከአቦል አታሳልፊ። ሁለቱም ልብ ያስደልቃሉ። ጎረቤት የሰጡሽን ዳያዜፓምም አልወደድኩትም። ቶሎ ያረጋጋል፣ ግን ሱስ ይሆናል። ስትውጪው ከሰነበትሽ በአንዴ እንዳታቆሚው፣ ለሐኪም ተናገሪ። ሰርትራሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን የሚባል የጭንቀት መድኃኒት ቢያዝልሽ ግን በየቀኑ ውሰጂው። ለመሥራት ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል፤ መጀመሪያ አካባቢ ጭራሽ ሊያቅበጠብጥሽ ይችላል። «ይሄም አልሆነኝም» ብለሽ እንዳትጥዪው።

እስክመጣ ደሴ ሪፈራል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካርድ አውጪ። እንቅርትና ደም ማነስም ልብ ስለሚያስደልቁ እነሱን ያዩልሽ እንደሆነ ጠይቂ። «እብድ አሉኝ» እንዳትዪ ደግሞ፤ እዚያ የሚሰለፈው እንዳንቺ እንቅልፍ ያጣ፣ የተጨነቀ ሰው ነው። ወንድሜ ይውሰድሽ። በመርፌ ክፍል በኩል ብቻ እንዳታሳልፊው፣ ሁለት ታማሚ ትሆኑብኛላችሁ።

ልጅሽ