ምን ጠፍቶሽ ነው የምትዞሪው?

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ቅባቱን ማታ ማታ እየተቀባሽ ነው ወይስ ለጎረቤት አድለሽው ጨረስሽ?

ባለፈው በስልክ «ቆይ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው የምትዞሪው?» ስትዪኝ ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ከዘጋሁት በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። አንቺን በስልክ ማስረዳት ደግሞ አይቻልም፤ ገና አፌን ስከፍት «ካገር የወጣ አገሩ እስኪመለስ» ብለሽ ትጀምሪያለሽ፣ ከዚያ አለቀ። ስለዚህ ልጻፍልሽ። መነጽርሽን አድርጊና አንብቢው።

ዳሎል ደርሼ የመጣሁ ጊዜ «ሰው ገንዘብ ከፍሎ ገሃነም ይገባል?» ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው፣ ይሞቃል። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ቢጫና አረንጓዴው መሬት በፎቶ የምታዪው ነው፣ እሱን ልተወው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ማታ አሕመድ ኤላ በምትባል መንደር፣ ውጭ በተዘረጋ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ፣ ጨው የተጫኑ ግመሎች አንዱ በሌላው ተቀጥሎ በፊቴ አለፉ፣ አለፉ፣ አያልቁም። ቀን ደግሞ አፋሮቹ ያን ጨው ከመሬት እየፈነቀሉ፣ እየጠረቡ፣ ልክ እንደ ጡብ እኩል እኩል ሲያደርጉት አይቻለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ጨው በልቻለሁ፤ ማን እንደሚቆርጠው አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም። አሞሌ ሲባል ድሮ ገንዘብ እንደነበር ትምህርት ቤት ተምሬ ፈተናም ወድቄበታለሁ። የአንዱ ጨው ቆራጭ መዳፍ ተሰነጣጥቆ ሳይ ነው የገባኝ።

እንግዲህ ለዚህ ነው የምሄደው ብል ይበቃሽ ይሆን? አይበቃሽም፣ አውቅሻለሁ። ሌላም አለ። ቢሮ ስሆን ፊቴ አይፈታም፤ ራሴ ይታወቀኛል። አውቶቡስ ላይ ግን አጠገቤ ከተቀመጠ ሰው ጋር ቆሎ ተካፍዬ፣ የልጆቹን ስም ሁሉ አውቄ ነው የምወርደው። ያቺኛዋን እኔን እወዳታለሁ፣ ቤት ስቀመጥ አትመጣም።

ደግሞ «እኔ የሄድኩት ለስለት ነው፣ እንዳንቺ ለሽርሽር አይደለም» እንዳትዪኝ። እስቲ እናስታውሰው። ጥር 1977 አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ከድልድይ ላይ ወደ ገደል ወርዶ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። አገር ምድሩ ሐዘን ነበር። አንቺ ግን ዓመት ሳይሞላው፣ በታኅሣሥ፣ የሰማንያ ቀን ልጅ ታቅፈሽ ከናዝሬት በዚያው መስመር፣ በዚያው ባቡር ቁሉቢ ገብርኤል ልታስጠምቂኝ ሄድሽ! አባዬ «ዘንድሮ ይቅርብሽ» ቢልሽ አልሰማሽውም። አሁን እኔን ደሴ ደርሼ ስመጣ አሥር ጊዜ የምትደውዪልኝ አንቺው ነሽ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ስለዚያ ጉዞ ስታወሪ ቅዳሴውን አንድም ቀን አንስተሽው አታውቂም። የምታወሪው የአዋሽን ወበቅ ነው። ከፊትሽ ዶሮ ታቅፎ የተቀመጠውን ሰውዬ፣ የደንገጎን ዳገት በጭነት መኪና ስትወጪ ዓይንሽን ጨፍነሽ እንደነበር። ከሁሉም ከሁሉም ሚኤሶ ላይ የተሳፈረችውን ሱማሌ ሴትዮ። አንዲት ቃል ሳትግባቡ እኔን ከእጅሽ ተቀብላ እያባበለች አስተኛችኝ፣ አንቺም ድሬዳዋ እስክትደርሺ እንቅልፍሽን ለጠጥሽ። ስለትሽን ለመልአኩ አስገባሽ፣ ሴትዮዋን ግን ለራስሽ ይዘሽ ተመለስሽ። እኔም የምፈልገው እሷን ነው መሰለኝ።

ለምን እንደምትፈሪ ደግሞ ይገባኛል። መንገድ ሲባል ለአንቺ እህቴ ናት። እሷ ሪያድ የሄደችው አገር ለማየት አይደለም፤ ስድስት ዓመት ኖራ ከተማውን ያየችው በአሠሪዎቿ መኪና መስኮት ነው። ሻንጣ ባነሳሁ ቁጥር ኤርፖርት የሸኘሻት ቀን ይመጣብሻል። ይህን ሳስበው ነገሩን በቀልድ ማለፌ ይጸጽተኛል። ግን እማ፣ እሷን የወሰዳት እጦት ነው። እኔ የምሄደው የመመለሻዬን ቀን ቆርጬ ነው፣ ደርሼ ስመጣ ደግሞ መጀመሪያ የማወራው ላንቺ ነው። ጨው እንኳ ይዤልሽ መጥቼ የለ? (ቀምሰሽ «ይሄማ የድሮው ነው» ያልሽው ትዝ ይልሻል? ቁም ሳጥን ውስጥ ለምን እንደቆለፍሽበት እስካሁን አልገባኝም።)

ለማንኛውም፣ ለታኅሣሥ 19 መኪና ለምኛለሁ። የፊት ወንበር ያንቺ ነው፣ እግርሽን ትዘረጊያለሽ። በአንድ ቀን አንገፋውም፣ አሰበ ተፈሪ እናድራለን። መተሐራ ስንደርስ በሰቃን አሳይሻለሁ፤ ሐይቁ እየሰፋ እየሰፋ መንገዱ ላይ ደርሶ አስፋልቱን ከፍ አድርገው ነው የሠሩት። ሚኤሶ ላይም ወርደን ሻይ እንጠጣለን፤ ሴትዮዋን እናገኛታለን ብዬ አይደለም፣ እንዲሁ።

ቁሉቢ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ወፍራሙን ጋቢ ያዢ። ቅዳሜ እደውላለሁ፣ «ጉልበቴን» ብለሽ እንዳትጀምሪ፤ ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ፣ ትችላለች ብሎኛል።

ልጅሽ